ለፊልም የታተመችው ጋዜጣችን

ውድ ጋሽ ባንታየሁ፣

ናኩሩ ከተማ፣ ልጅዎ ቤት ተቀምጠው «ጋዜጣችንማ ሞተች፣ ነፍስ ይማር» ማለትዎን ሰማሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝና ተሳስተዋል።

እርስዎ አንባቢ የለም ብለው ዘግተዋት ከሄዱ በኋላ፣ ጆኒ የሚባል ናይሮቢ ያደገ የፊልም ዳይሬክተር መጣ። መሃል ናይሮቢ ያለችውን ባዶ ቢሯችንን ተከራይቶ ስለተዘጋ ጋዜጣ ፊልም ሊሠራ ነው። እኔና አዘጋጁ ወንዳፍራሽ ራሳችንን ሆነን እንድንጫወት ለመነን። መጨረሻው ላይ እያለቀስን በሩን እንቆልፋለን። እውነቱን ልንገርዎ፣ ለለቅሶው ልምምድ አላስፈለገኝም።

ለቀረጻው «የመጨረሻ እትም» ተብሎ የሚያዝ ጋዜጣ ያስፈልግ ነበር። ጆኒ «ጋይስ፣ ማንም አያነበውም! ኤኒቲንግ ሙሉበት፣ ሃራካ፣ ቶሎ በሉ!» አለን። የወንዳፍራሽን ግትርነት ያውቁታል። «በስማችን በሚወጣ ገጽ ላይ ዝባዝንኬ አይገባም!» ብሎ ድርቅ አለ። ስለዚህ እውነተኛ ጋዜጣ አዘጋጀን። ከተዘጋን ወዲህ የመጡትን የአፋልጉኝ ማስታወቂያዎች ሳይቀር አስገባን። አንዱ የጌጤ ነው፤ ከሻሸመኔ ፎቶ ልካ ናይሮቢ የጠፋባትን ወንድሟን ታዴዎስን ትፈልጋለች።

ቀረጻው ተጀመረ። አንባቢ ሆነው እንዲቀመጡ ከተጠሩት አንዷ፣ የምግብ ቤት ባለቤቷ አስናቀች፣ ጋዜጣውን ስታገላብጥ ቆይታ ብድግ አለች።

«ኧረ ይሄን ልጅ አውቀዋለሁ! ኢምባካሲ ሰፈር፣ መጋዘን ዕቃ የሚያወርደው ታዴ አይደል እንዴ? ምሳውን እኮ እኔ ጋ ነው የሚበላው!»

«ካት! ማማ፣ ፕሊዝ፣ ስክሪፕቱ ላይ የለም!» አለ ጆኒ።

ማን ሰምቶት! ደወለችለት። ልጁ በቦዳቦዳ ሞተር እየበረረ መጣ፤ ጋዜጣውን ነጥቆ የራሱን ፎቶ አየ። ጌጤ ጋ ደወልንለት። «ታዴ? አንተ ነህ? በሕይወት አለህ?» ስትል ያ ደረቁ ወንዳፍራሽ እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔማ በደስታ አበድኩ። አስናቀች እልልታውን አቀለጠችው።

ፊልም ሊሠሩ የመጡት ሁሉ ጋዜጣውን በብብታቸው ሸጉጠው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ስልኬ ዕረፍት የለውም፤ «የሚቀጥለው መቼ ነው የሚወጣው?» ይሉኛል። ጆኒም የፊልሙን መጨረሻ ቀየረው፤ በር መቆለፍ የሚባል ነገር ቀርቷል።

ጋሽዬ፣ አንባቢ አለ። ሐሙስ እንወጣለን። የርዕሰ አንቀጹን ቦታ ባዶ ትቼ ከሥሩ ስምዎን ሳላስፈቅድ አስገብቻለሁ። ወይ መጥተው ይሙሉት፣ ወይ ባዶውን በስምዎ አትመዋለሁ።

አክባሪዎ፣ ግን የማትሰማዎ
ሚልካ