ቁልፉን አሳልፈው ያልሰጡት የራዳር ባለሙያ

አባታችን በ1943 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ በባቡር ሐዲድ ዳር ባለች ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። አያታችን የወደቀች መርፌ ሳትገኝ ማንንም ከክፍሉ የማያስወጡ ሰው ነበሩና ጥንቃቄን ከእሳቸው ወረሱ። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በዲፕሎማ ተመርቀው በ1964 ዓ.ም. በአንድ የራዳር ጣቢያ በጥገና ሠራተኛነት ተቀጠሩ።

በዚያ ጣቢያ ብርድ ሲጠና ሠራተኞች የራዳሩ ጨረር በሚወጣበት ቱቦ አፍ ፊት ቆመው ይሞቁ ነበር። አባታችንም ሞቀዋል። አይታይ፣ አይሸት፤ ማን ይጠርጥረው? በ1969 ዓ.ም. ቀኝ ዓይናቸው በሞራ ተሸፈነ። ሐኪሙ በሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ዓይን ላይ ሞራ ቢያዩ ገርሟቸው፣ “እንዲህ የሚያደርገው የምድጃ ግለት ነው፤ ብረት አቅላጭ ነህ እንዴ?” ብለው ጠየቋቸው። ስለ ቱቦው ሲሰሙ ግን ሁለተኛ ፊቱ እንዳይቆሙ አስጠነቀቋቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን ሥራውን ጥሎ ይሄድ ነበር። እሳቸው ተመልሰው ሕግ አወጡ፦ ወደ አንቴናው የሚወጣ ሰው የማብሪያውን ቁልፍ በኪሱ ይዞ ይወጣል፤ ሌላ ቁልፍ አይኖርም። ባልደረቦቻቸው በፌዝ “አባ ቁልፍ” አሏቸው። በ1972 ዓ.ም. ከእናታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፈሩ። እናታችን አምፖል ሲቀይሩ እንኳ አባታችን ቆጣሪውን አጥፍተው ሥሩ ዘብ ይቆሙ ነበር፤ ስንቱን እራት በጨለማ በላን!

በ1978 ዓ.ም. ከአንቴናው ማማ ሥራ ወርደው ንብረት ክፍል ገቡ። ለእኛ የነገሩን “ጉልበቴ ደረጃ እምቢ አለኝ” ብለው ነው። እውነቱን የሰማነው ትናንት፣ ለለቅሶ ከመጡት የቀድሞ ባልደረባቸው ነው። በዚያው ዓመት አንድ ቀን እኚህ ባልደረባቸው ቁልፉን ማብሪያው ላይ ረስተው አንቴናው ፊት ወጥተው ኖሯል። ራዳሩ ሲሠራ ሊያዩ የመጡ እንግዶች ደጅ ቆመዋል፤ የጣቢያው አለቃ ማማው ባዶ መስሏቸው “አብራ!” አሉ። አባታችን ሰው ቢቆጥሩ አንድ ጎደለ። ቁልፉን ነቅለው ካልሲያቸው ውስጥ ከተቱና፣ “ሰው ሳይወርድ አይበራም፤ ራዳር ቢዘገይ ሰማይ አይደፋም” አሉ። አለቃው በእንግዶች ፊት ጮኹ፣ ከሥራ እንደሚያባርሯቸው ዛቱ። እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ባልደረባቸው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወረዱ። አባታችን ግን ትእዛዝ በመጣስ ከደረጃቸው ዝቅ ተደረጉ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ከአንደበታቸው አንዲት ቃል አልወጣም። እኔ የመጨረሻ ልጃቸው አባቴን የማውቃቸው ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ከምን ዓይነት ሰው ጋር ነው ማዕድ የቆረስኩት!

አባታችን በ2003 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆችንና አምስት የልጅ ልጆችን ትተዋል። የሌላውን ነፍስ የጠበቁትን አባት ፈጣሪ በዕረፍቱ ስፍራ ይቀበልልን።

ባልደረባቸው ትዳር የያዙት ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ዛሬ አስከሬኑን ተሸክመው ያመጡት አራት ወጣቶች ልጆቻቸው ናቸው።