ወደ ሐዋ ቤት የላክሁት ሳህን

ለየሺ፣ ለዕድሜ ልክ ጓደኛዬ፤

ከተለየሽኝ ዓመት ሞልቶ አለፈ፤ እነሆ ሌላም ክረምት ወጣ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ብዕር ያላነሣሁት የምነግርሽ አንድ የሚያኮራ ነገር እስካገኝ ስጠብቅ ነው። አላገኘሁም።

ምን ምን እንደቻልሁ አንቺ ታውቂያለሽ። በልጅነቴ የኔታ ዳዊት ሲያስደግሙኝ፣ አለንጋቸው ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ፣ እንባዬን ውጬ የቀረውን መዝሙር ጨርሻለሁ። በድርቁ ዘመን ከወሎ በጭነት መኪና ተጭነን ወደዚህ የቀርከሃ አገር ስንወርድ የተውነውን ቤት ዞሬ አላየሁም። ወባ ጥሎኝ እየተንቀጠቀጥሁ ጭቃ አቡክቼ ግድግዳ መርጌአለሁ። የበኩር ልጃችንን በዚሁ ቀይ አፈር ስናሳርፍ ሰው ፊት አላነባሁም። በሣር ዳስ ውስጥ ሳስተምር ዝናቡ ጥቁር ሰሌዳው ላይ እየወረደ የጻፍሁትን ሲያጥበው፣ እንደገና እየጻፍሁ ስንቱን ሕፃን ፊደል አስቆጥሬአለሁ። በዚህ ሁሉ አላማረርሁም፤ ባለማማረሬም ስኮራ ኖሬአለሁ። አሁን ግን ያንን ኩራቴን የት እንደማስቀምጠው አላውቅም።

ቤቱ ደህና ነው። ልጃችን ሰላም ለዓመት መታሰቢያሽ ከአዲስ አበባ መጥታ ሳሎኑን ቀለም አስቀባችው፤ አንቺ በማትወጂው ቢጫ። ደጃችን ድንጋይ ተነጥፎበት ባጃጁ ከማለዳ ጀምሮ ይንጫጫል። አልጋው ላይ ዛሬም የምተኛው በኔ በኩል ብቻ ነው፤ ያንቺን በኩል አልነካሁትም።

የነካሁት የወጥ ቤት መደርደሪያሽን ነው። ከሠርግ፣ ከምረቃ፣ ከመሥሪያ ቤት ግብዣ ምግብ ተሞልተው መጥተው ሌላው ሰው የሚጥላቸውን ስስ ላስቲክ ዕቃዎች፣ አንቺ በለብታ ውኃ እያጠብሽ፣ በጥላ እያደረቅሽ፣ ትንሹን በትልቁ ውስጥ እየከተትሽ፣ ክዳኖቻቸውን ለብቻ በገመድ አስረሽ ታኖሪያቸው ነበር። የተሰነጠቀው ምግብ አይነካም፤ ለመርፌና ለአዝራር ይሆናል። ዘይት ጠጥቶ የሚሸተው ይጣላል። ትኩስ ወጥ ሳይበርድ አይገባበትም። ሕግሽን ሁሉ አውቅ ነበር። ለምን እንደምትደክሚላቸው ግን ጠይቄሽ አላውቅም። የመምህር ቤት ለጎረቤት በላስቲክ ምግብ ሲልክ አያምርም፣ ስስትም ያስመስላል እያልሁ በእንግዳ ፊት ሳይቀር እቆጣሽ ነበር። አንቺም «ክዳን ካለው ምን ይለዋል» ትይና፣ ከቀርከሃው አጥር ወዲያ ለምትኖረው ለሐዋ ታቀብያታለሽ፤ ባሏ ሞቶባት በሆሞሻ መንገድ ዳር ያለችውን ቁራሽ የለውዝ መሬት ብቻዋን ለምትቆፍረው ለሐዋ።

በመታሰቢያሽ ዋዜማ ዕቃዎቹን በሙሉ በማዳበሪያ ከረጢት ከትቼ ከጓሮ ጣልኋቸው፤ ከቆሻሻው ጋር ሊቃጠሉ። በማግስቱ የሐዋን ድርሻ የምልከው ራሴ ነኝ አልሁ። ሙስሊም በመሆኗ የምስር ወጥና አትክልት ብቻ አስቀዳሁ። ሥጋ ገብቶበት የማያውቀውን፣ ጠርዙ ወርቃማ የሆነውን ትልቁን ጎድጓዳ ሳህን ከቡፌው አውጥቼ፣ ሞልቼ ላክሁላት። ሁሉን ያሰብሁ መሰለኝ። የሺ ይህን ብታይ በኮራችብኝ ነበር ብዬም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሐዋ ጠፋች። ማለዳ ማለዳ በአጥሩ በኩል «ኡስታዝ፣ ሰላም አደርክ?» ማለቷ ቀረ። ከሩቅ ስታየኝ በኋላ መንገድ ትዞራለች። የሰው ዕቃ ያስቀረ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው አልሁ በልቤ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ቦኖው ዘንድ ጀሪካኗን ይዛ ተራ ስትጠብቅ አገኘኋት። በሴቶቹ ሁሉ ፊት፣ ድምፄን ክፍል ውስጥ እንደማደርገው ከፍ አድርጌ፣ «ሐዋ፣ ሳህናችን ደህና ነው?» አልኋት። ከተራው መሐል አንዷ፣ «ምነው ሐዋ፣ ሳህን አገባሽ እንዴ?» ብላ አሳቀቻቸው። ሐዋ አልሳቀችም። ጀሪካኗን ሳትሞላ ባዶውን ይዛ ሄደች።

በማግስቱ መጣች። ሳህኑ ታጥቦ ያብረቀርቃል፤ በነጠላዋ ጫፍ ሸፍናዋለች። ስትገልጠው እስከ አፉ በተፈለፈለ ለውዝ ተሞልቷል። እኔ በዚህ አፈር ላይ ስንት ክረምት ያረስሁ ሰው ነኝና ሳየው አወቅሁት። አንድም የተሰበረ፣ አንድም የተጨማደደ ፍሬ አልነበረበትም። ዘር ነበር። ዝናቡ ጥሎ ሰው ሁሉ ሊዘራ በተነሣበት ሳምንት፣ ለመሬቷ ያስቀመጠችውን ዘር ፈልፍላ ሳህኔን ሞላችልኝ። አንዴ የተፈለፈለ ዘር ደግሞ ብዙ አይቆይም።

የሺ፣ በእኛም በእነርሱም ዘንድ የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም። ይህን ለልጆች ሥርዓት ብዬ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ሐዋ ያን ሁሉ ጊዜ የሸሸችኝ ያን ሰፊ ሳህን የምትሞላበት ነገር ቤቷ ውስጥ ስላልነበራት ነው። ስለ ምን እንዲህ አደረግሽ ብላት፣ አንቺ በምትወጂው አማርኛዋ እንዲህ አለችኝ፦ «ኡስታዝ፣ የሺ ዕቃ ይሰጣል፣ ዝም ይላል። አንተ ሳህን ግን ይጠይቃል። ትልቅ ነው፤ እኔ ቤት ትንሽ ነው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። የሚጣል ዕቃ መልስ አይጠይቅም፤ ተቀባዩ በልቶ ዕቃውን ቢያስቀረው የሚያፍርበት ነገር የለም። አንቺ ይህን ለኔ ለማስረዳት የሐዋን እጦት አፍ አውጥተሽ መናገር ነበረብሽ። አልተናገርሽም። በገዛ ባልሽ ዘንድ ስስታም መባልን መረጥሽ።

ዘሩን መልሼ ብሰጣት ሁለተኛ ማዋረድ ይሆናል፤ ቤቴ ባስቀምጠው መሬቷ ጦሙን ያድራል። ወደ ጓሮ ወጥቼ ያን ከረጢት ፈታሁ። ደግነቱ አልተቃጠለም ነበር። እንዳንቺ አጥባለሁ ብዬ፣ ለብታሽን ዘንግቼ የፈላ ውኃ ባፈስስበት አንደኛው ዕቃ እጄ ላይ እንደ ቅጠል ተጨማደደ። ስንት ዓመት በዓይኔ ሥር ስትሠሪው የኖርሽውን ሥራ አላውቀውም። የቀሩትን በለብታ አጥቤ፣ ክዳን ከዕቃው እስካገናኝ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። ለውዙን ከፋፍዬ ሞላሁባቸውና አጥሩን ዞሬ ሄድሁ።

«ሐዋ፣ እኔ ጉልበት የለኝም» አልኋት። «ይህን ዘር ባንቺ መሬት ላይ ዝሪልኝ፤ ሲደርስ ታቀምሺኛለሽ።» ዕቃዎቹን አየቻቸው፤ አንዱን ክዳን በጣቷ ዳሰሰችው። «የሺ ነው» አለችና ተቀበለችኝ። ቦኖው ዘንድ ስላደረግሁትም ይቅርታ ብጠይቃት፣ «ተው፣ ሴቶች ይስቃል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ይረሳል» አለች። እኔ ግን በአደባባይ ያዋረድሁትን ሰው በጓዳ ይቅርታ መጠየቅ አይበቃኝም ነበርና፣ ሴቶቹ በተሰለፉበት ሰዓት ሄጄ ሳህኑ በክብር እንደተመለሰ፣ ጥፋቱም የኔ እንደሆነ ተናገርሁ። ያቺ ሳቂታዋ ሴት፣ «ጋሽ መምህር፣ ዛሬስ እርስዎ ተንበረከኩ!» አለችኝ። ልጆቿን አንበርክኬ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። በሳቁ መሐል ሐዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስትስቅ አየኋት።

ለውዙ ደርሶ ሲነቀል ድርሻዬን ባንቺው ዕቃ አመጣችልኝ። ከዚያ ልትሄድ ብላ ቆም አለችና ሌላ ዕቃ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ከካማሺ መጥታ ጎረቤቷ ጎጆ የተከራየች አንዲት የልጆች እናት አለች፤ ለእርሷ ልትልክ ነው። እኔ ሐዋን በተቀባይነት ብቻ ነበር የማውቃት። የምትሰጠው ሰው ይኖራታል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ በዚህም ደግሞ አፈርሁ። ክዳኑ የጠነከረውን መርጬ ሰጠኋት።

የሺዬ፣ በቅዳሴ ስምሽ ሲነሣ አብሬ አነሣሻለሁ። ነገር ግን አንቺን ማሰብ ማለት ለኔ እንግዲህ ይህ ነው፦ ለጎረቤት አንድ ነገር ከመላኬ በፊት ያ ሰው ምን ይመልስልኛል ብሎ እንዳይጨነቅ ማሰብ። በሕይወት ሳለሽ አልተማርሁትም፤ እስካለሁ ድረስ ግን አልረሳውም።

የማወርሰውንም በግልጽ ልንገርሽ። ቤቱና ጠርዛቸው ወርቃማ የሆኑት ሳህኖች በሙሉ የልጃችን የሰላም ናቸው። ላስቲክ ዕቃዎችሽ ግን ከነክዳኖቻቸው፣ ከነመደርደሪያቸው የሐዋ ናቸው። ለሰላም ነግሬአታለሁ፤ ምክንያቱንም ጭምር።