የአባባ ጉልበትና የምድር ቤቷ ባለሙያ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ቀለል አለሽ? ባለቤትሽ ደህና ነው? ልጆቹስ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ አባባም ጭምር። ባለፈው በስልክ “ጉልበቱን ትንሽ አሞታል” ያልኩሽ ግን ውሸት ነበር። ክፉኛ ነበር የታመመው። እንዳትደነግጪ ብዬ ነውና ይቅር በይኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የገባለት ሰው ሠራሽ ጉልበት ያብጥ ጀመር። ሲመሽ ያተኩሰዋል፣ ላብ ያጠምቀዋል፤ ጠዋት ምንም እንዳልሆነ ሰው ይነሣል። ሆስፒታል ወሰድኩት። ከጉልበቱ ፈሳሽ በመርፌ ቀድተው ወደ ላቦራቶሪ ላኩ። በአምስተኛው ቀን “ምንም ተህዋስ አልበቀለም” የሚል ወረቀት መጣ። ቀዶ ሐኪሙ የራጅ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ እያየ፣ “ምክንያቱን ባናገኘውም ብረቱን ማውጣት ይሻላል። መልሰን መትከል መቻላችንን ግን እርግጠኛ አይደለሁም” አለን። እማማ ቦርሳዋን ከፍታ ዘጋች፤ ደግማ ከፍታ ዘጋች። ቀዶ ሕክምናው ለሰኞ ተቀጠረ።

ሐሙስ ዕለት ነጭ ጋወን የለበሰች ቀጭን ሴት አልጋው አጠገብ መጥታ ቆመች። የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ላቦራቶሪው ምድር ቤት ነው፤ ከዚያ ወደ በሽተኛ ክፍል የሚወጣ ሰው የለም አሉን ነርሶቹ። የአባባ ናሙና የተዘራባትን ክብ ሳህን አልጣለቻትም ነበር። የምርመራ መጠየቂያው ወረቀት ላይ ትኩሳቱ ሄድ መለስ እንደሚል አንብባ ልቧ አልቆርጥ ስላላት፣ ሳህኗን ማሞቂያው ውስጥ መልሳ በየቀኑ ታያት ኖሯል። በስምንተኛው ቀን የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጠብጣብ ብቅ አለች።

“አባቴ፣ ከብት ይነካሉ?” አለችው።

አባባ ጣሪያውን አየ። እማማ ቀደመችው፤ “የእንስሳት ሐኪም ረዳት ነበር። ጉልበቱ ከተቀየረ ወዲህ ግን በረት ደጅ አልደረሰም፤ ምሎልኛል” አለች። እኔ ብሆን አፋጥጠው ነበር። ሴትየዋ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጠበቀችው። በመጨረሻ አባባ አንገቱን ደፍቶ፣ “ሁለት ላም አዋልጃለሁ” አለ፤ ትንሽ ቆይቶም፣ “ሦስት። ጥጃው አልወጣ ብሎ ሲጠሩኝ እንዴት እምቢ ልበል?” አለ። ያለ ጓንት መሆኑንም አመነ። እማማ “ጉድ አደረግኸኝ!” ስትል፣ አጠገባችን የተኛው በሽተኛ ስፌቱን በእጁ ይዞ ሳቀ።

ተህዋሱ ብሩሴላ የሚሉት፣ ከከብት ወደ ሰው የሚጋባ ነው። ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ውስጥ መግባቱ እጅግ ብርቅ ነው አሉ። ቀዶ ሐኪሙ ሁሉንም እንደገና አስመርምሮ መጣና፣ “ተሳስቼ ነበር። ብረቱ ከአጥንቱ አልላላም፤ ሳናወጣው በመድኃኒት እንሞክር” አለ። ያን የሚያህል ሰው በሽተኛ ፊት “ተሳስቼ ነበር” ሲል ስሰማ አከበርኩት። አባባ መድኃኒቱን ከጀመረ እነሆ አምስተኛ ወሩን ያዘ፤ ትኩሳቱም እብጠቱም ጠፍተዋል።

ስለ ሴትየዋ ግን ያልነገርኩሽ አለ። ያ ተህዋስ ሳህኑን የሚከፍተውንም ሰው ይይዛል። ምን እንደሆነ ሳታውቅ ከፍታው ስለነበር፣ እሷም ለጥንቃቄ ሦስት ሳምንት መድኃኒት ስትውጥ ከርማለች። ለእኛ ትንፍሽ አላለችም፤ ከአንዷ ነርስ ነው የሰማነው።

ባለፈው ማክሰኞ ለክትትል ስንሄድ አባባ ራሴ ወርጄ ካላመሰገንኳት አለ። አሳንሰር አለ ብለው ማን ሰምቶ! ያን ሁሉ ደረጃ ክንዴን ሳይዝ ወረደው። የሚናገረውን ሲለማመድ ነበር የሰነበተው፤ በሩ ሲከፈት ግን ሁሉም ጠፋበትና ቆቡን አውልቆ ቆመ። እሷም ጉልበቱን አየች፤ ከኋላው ያለውን ደረጃ አየች። “በእግርዎ ነው የወረዱት?” አለችው። “በእግሬ ነው፣ ልጄ” አላት። እዚያው በሩ ላይ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ እዚያ ስትሠራ፣ ያዳነችው ሰው ሲራመድ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

እማማ አንገትሽን አቅፋ ትስምሻለች። አባባ፣ ባለቤቴና ልጆቼም እጅግ ናፍቀውሻል። ባለቤትሽን ሰላም በይልን፤ ትልቁን ልጅሽን፣ መንትዮቹንም በየተራ ሳሚልን። ለራስሽም እዘኚ፤ ደህና ሁኚ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከቤታችን፣ ከሳሎኑ ጠረጴዛ
የካቲት ፲፱ ቀን