ፀሐይን በጸሎቱ ጸ

ሰኞ

የወይዘሮ ፀሐይ ፋይል አልጠፋም። የደበቅሁት እኔ ነኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ከቡሌ ወረዳ ለይግባኝ እኔ ወደምሠራበት መዝገብ ቤት የመጣ የመሬት ፋይል ነበር። በፀሐዩ ፀ መግባት የነበረበትን ቸኩዬ በጸሎቱ ጸ መደርደሪያ ከተትኩት። ሲፈለግ አጣሁት፤ "አልተገኘም" ብዬ ጻፍኩ፤ የያኔው አለቃዬ ፈረመ። ከወራት በኋላ አገኘሁት። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ስንፍናዬ እንዳይወጣ ከመደርደሪያው ጀርባ ሸጎጥኩት። ሰባት ዓመት! የሟች ባሏ ወንድም የእንሰት መሬቷን እኩሌታ አጥሮ ይዟል። ባለቤቴ እንኳ ሳልነግራት ነው ወደ ጌታ የሄደችው።

ዛሬ አዲሷ ኃላፊ መጡ። አገልግሎቱን ሊለውጡ ነው የተሾሙት አሉ። ስንቱ መጥቶ ባነር ሰቅሎ ሄዷል።

ማክሰኞ

ኃላፊዋ ጠዋት ከባለጉዳይ ጋር ተሰልፈው የእኔ መስኮት ዘንድ ደረሱ። የመዝገብ ቤቱ መስኮት ዝቅ ያለ ጠባብ ቀዳዳ ነው፤ ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚያናግረኝ። እሳቸውም ጎነበሱ።

"ጋሼ፣ እዚህ ጋ ሰው ለምንድን ነው የሚሰግደው?"

 ለጌታ ብቻ ነው የሚሰገደው ስል ኖሬ፣ ለካ ሃያ ዓመት ሲሰገድልኝ ነበር።

ረቡዕ

አናጢ መጣ። መስኮቱ ፈርሶ ባንኮኒ ሆነ። ኃላፊዋ ራሳቸው ሳንቃ ያዙለት! ጸሐፊያችን አስቴር፣ "ጋሽ በራሶ፣ ተላጭተው መጡ? ፊትዎ መታየት ሲጀምር ነው?" አለችኝ። ሳቅን።

ግን የሰው ዓይን ፊት ለፊት ማየት ከባድ ነው። አንድ የወናጎ ሽማግሌ መጡ። "ነገ ይምጡ" ልል አፌን ከፈትኩና ዓይናቸውን አይቼ ዋጥኩት። ፋይላቸው በሩብ ሰዓት ተገኘ። ደስ አለኝ።

ሐሙስ

ስብሰባ። ኃላፊዋ "አልተገኘም" የተባለባቸውን ደብዳቤዎች በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ደርድረዋል። የፀሐይ ከላይ ነው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፦

"እኔም ወረዳ ሳለሁ የአንዲት እናት ማመልከቻ ሳላነብ ውድቅ አድርጌያለሁ። ላስተካክል ስል ሞታ ነበር።"

 ሹም በሰው ፊት በደሌ ይህ ነው ሲል ሰምቼ አላውቅም። ጌታ ሆይ፣ ጸሎት ቤትም አልሰማሁ።

"ፋይል የደበቀ ሰው ካለ፣ ቅጣት የለም አልልም። ባለጉዳዩ ፊት ሲቆም ግን አብሬው እቆማለሁ" አሉ።

በራቸው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ፈሪ! እንደገና ሄድኩ። አንኳኳሁ። ነገርኳቸው።

ስልካቸውን ወደ እኔ ገፉት። ከዚያ፣ "ራስዎ ይደውሉላት።"

ደወልኩ። "እሺ፣ ነገ እመጣለሁ" ብቻ አለችኝ።

ዓርብ

ጫማዋ ላይ የቡሌ ጭቃ ነበር። እንደ ልማዷ ባንኮኒው ጋ ስትደርስ ጎነበሰች።  ተነሥቼ ወደ እሷ ወጣሁ። ኃላፊዋም መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

"ፋይልዎ አልጠፋም ነበር። እኔ ነኝ የደበቅሁት" አልኳት።

ትኩር ብላ አየችኝ። "ሰባት ዓመት ድምፅዎን ብቻ ነው የማውቀው። ለካ ሽማግሌ ነዎት።"

ይቅር አላለችኝም። አልረገመችኝምም። ይግባኟ ሰኞ ይታያል፤ ምን እንደሚወሰንላት አላውቅም፤ እኔም ምን እንደሚወሰንብኝ አላውቅም።

ፋይሉን በሁለት እጄ ሰጠኋት። መረከቢያው ላይ ስሟን ቀስ ብላ ጻፈች። በፀሐዩ ፀ።