በአስራ አንደኛው ቀን

ዩሱፌ፣

ዓይንህን በእጄ ከከደንኩ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። አላህ ይርሀምህ። እስከዛሬ ሳልጽፍልህ የቆየሁት የምለው ጠፍቶኝ አይደለም። አንድ ያልነገርኩህ ነገር ነበረኝ፤ እሱን አስቀምጬ ስለ ሌላው ማውራት ማታለል መሰለኝ። አሁን ግን ያ ነገር ራሱ ሌላ መልክ ይዞ መጣብኝ፣ የማዋየው ሰው ደግሞ የለኝም። ድሮም ቢሆን የማዋየው አንተን ነበር።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ሰሚራ ባሏን ተከትላ ጅግጅጋ ከገባች ወዲህ እዚህ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ታይዋን ገበያ የነበረውን የአንሶላና የመጋረጃ ሱቅ ለቀቅኩት። ለሰው ጉልበቴ አስቸግሮኝ ነው እላለሁ፤ እውነቱ ግን ደንበኛ ቆሞ ሲጠይቀኝ አፌን ከፍቼ መመለስ እያቃተኝ ነው። ግቢው ውስጥ ያለው የኒም ዛፍ ግማሹ ደርቋል። ቧንቧው ሲፈልግ በሳምንት ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ልብሶችህን ለሚለብሳቸው ሰጠሁ። ከሽርጦችህ አንዷን ብቻ አስቀርቻለሁ።

ብቸኝነቱ ሲጠናብኝ አንተ ያስተማርከኝን ሁሉ ሞከርኩ። "ቀኑን ቆራርሺው፣ ሙሉውን ካየሽው ያስፈራሻል" ትለኝ ነበር። ቆራረስኩት። ከሱብሂ ሶላት እስከ ዙሁር፣ ከዙሁር እስከ መግሪብ። "የሚያይሽ ሰው ባይኖርም ፊትሽን ታጠቢ፣ ልብስሽን ቀይሪ፣ ቤትሽን ጥረጊ" ትል ነበር። ታጠብኩ፣ ለበስኩ፣ ጠረግሁ፣ ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ ግን አልነገርከኝም፣ ዩሱፌ።

ያን ሁሉ የተማርክበት ቦታ ዛሬም በዓይኔ ላይ አለ። ከዋሂል አልፎ በመኪና ሦስት ሰዓት የሚያስኬድ ቆላ። ጉድጓድ ቆፋሪዎቹ ሦስት ቦታ ቆፍረው ሦስቱም ደረቅ ሲሆንባቸው፣ ማሽናቸውንና የብረት ቱቦውን እዚያው ከምረው "እስክንመለስ ጠብቅልን" አሉህ። አልተመለሱም፤ አንተ ግን አራት ዓመት ጠበቅክላቸው። ሐሙስ ሐሙስ ሾፌሩ ታደሰ በፒካፕ ሦስት ጀሪካን ውሃና ስንቅ ያደርስልሃል። አርብ ጠዋት ደግሞ ሱቄ በር ላይ ቆሞ "ደህና ነው፣ ሰላም በልልኝ ብሏል" ይለኛል። እዚያ ስልክ አይሰራም። አራት ዓመት ሙሉ ትዳራችን ያለፈው በታደሰ አፍ ነው።

አንድ ጊዜ መጥቼ ሳምንት አብሬህ ሰንብቻለሁ። ጫማዬን ሳላራግፍ እግሬን እንዳላስገባ ነገርከኝ፣ ጊንጥ ይገባበታል ብለህ። ቀትር ላይ መሬት ላይ እንዳልተኛም ከለከልከኝ፤ ሙቀቱ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም እንደሚመጣ አሳይተኸኝ፣ ድንጋይ ላይ ያጋደምከው ሳንቃ ላይ አስተኛኸኝ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ወደ ደረቁ ወንዝ ወሰድከኝ። ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ፣ ከውጪው በኩል ተንበርክከህ ክንድህ እስኪሰምጥ ቆፈርክና አንድ እፍኝ እርጥብ አሸዋ መዳፌ ላይ አስቀመጥክልኝ። ቀዝቃዛ ነበር። "ጎርፉ ሲያልፍ ውሃውን የሚደብቀው እዚህ ነው" ብለህ ሳቅክ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ እንደዚያ ስትስቅ አይቼህ አላውቅም ነበር። እና ቀናሁ። ባል በሚስቱ ላይ ሴት ቢይዝ እንኳ ሚስት ስሟን ጠርታ ትጣላታለች፤ እኔ ከማን ጋር ልጣላ?

ለዚህ ነው ለኢድ በመጣህ ጊዜ የተናገርኩት። ሥራውን ልቀቅ አልኩህ። "ሩቅያ፣ እኔ እኮ እዚያ ይሻለኛል" አልከኝ። "እንግዲያው በረሃህን አግባት!" አልኩህ። ሻንጣህን አንስተህ ወጣህ፤ ታደሰ በር ላይ እየጠበቀህ ነበር።

በተከታዩ ሳምንት ታደሰ መጣ፣ ሰላምታህን አደረሰ፣ ፊቴን አዞርኩበት። ከዚያ በሚቀጥለው አርብ ሳይመጣ ቀረ። አኩርፈህ፣ እሷ ጋ አትሂድ ያልከው መሰለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ልቤ አላርፍ አለኝና የቆፋሪዎቹ ቢሮ ሄጄ ልጠይቅ ሻሼን አሰርኩ። መስታወቱ ፊት ቆሜ ራሴን አየሁ። ያኮረፈው እሱ፣ የምለማመጠው እኔ? ብዬ ሻሼን ፈታሁት። ሁለተኛው አርብም መጣና አለፈ።

እሁድ ሽንኩርት ልገዛ ቀፊራ ገበያ ወረድኩ። ታደሰ አንዲት ሻይ ሻጭ ጋ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። "ዩሱፍ ነው እሷ ጋ አትሂድ ያለህ?" አልኩት በነገር። ብርጭቆውን እንደያዘ ተነሳ። "አቦ ሩቅያ፣ እኔ እኮ ወደ ሌላ ሳይት ከተዛወርኩ ቆየሁ። አዲሱ ሾፌር አያደርስለትም እንዴ?"

ለአዲሱ ሾፌር እዚያ ሰው እንዳለ የነገረው አልነበረም።

ያቺን ቀን እንዴት እንደሄድን አታውቅም። ሽንኩርቱን እዚያው ጥዬ፣ ታደሰ ከአጎቱ ፒካፕ ለምኖ፣ ባዶ ጀሪካን ከሻይ ሻጯ ተቀብለን ውሃ ሞላን። መንገዱን ሁሉ ታደሰ ከንፈሩን ሲነክስ እኔ ቀን እቆጥር ነበር። ውሃ ሊመጣልህ ከሚገባበት ሐሙስ ጀምሮ እሁድ አስራ አንደኛው ቀን ነው።

ሳንቃህ ላይ ተቀምጠህ አገኘንህ። ጺምህን ተላጭተህ ነበር። ያለ ውሃ፣ በደረቁ ምላጭ፤ አገጭህ ላይ የደረቀ ደም ነበረበት። ከንፈርህ ጠቁሮ ተሰነጣጥቋል። "መጣሽ" አልከኝ፣ እንደ ጥያቄ ሳይሆን፣ ልክ ከገበያ እንደተመለስኩ። ጀሪካኑን አፍህ ላይ ላዘነብል ስል እጄን ይዘህ በክዳኑ አስቀዳኸኝ። አንድ ክዳን፣ ቆይተህ ሌላ ክዳን።

ታደሰ ዕቃ ሲያወርድ እየቆራረጥክ ነገርከኝ። የተረፈህን ግማሽ ጀሪካን በሻይ ብርጭቆ እየለካህ አምስት ቀን አደረስከው። ምግብ ውሃ ይፈልጋል ብለህ መብላቱን ተውክ። ጥላ ውስጥ ቀን ትተኛለህ፣ አመሻሹ ላይ ወንዙ መታጠፊያ ትቆፍራለህ። ጉድጓዱ ደረትህ ሲደርስ እርጥቡን አሸዋ በሽርጥህ ቋጥረህ ትጨምቃለህ፤ ጨው ጨው የሚል፣ ጉሮሮ ከማርጠብ የማያልፍ ነገር ይንጠባጠባል። በእግርህ ለመሄድ ስትነሳሳ "በረሃ ሰው የሚገድለው በጥም ሳይሆን በጥድፊያ ነው" እያልክ ጮክ ብለህ ራስህን ትቆጣለህ። ሐሳብህ መበታተን ሲጀምር ደግሞ ዓይንህን ጨፍነህ ከቤታችን ትወጣለህ። ቀፊራን ታቋርጣለህ፣ ቅመም ሻጮቹን አንድ በአንድ በስማቸው ሰላም ትላለህ፣ ታይዋን ትገባለህ፣ ሱቄ ትደርሳለህ። የአንዱ ስም ከጠፋህ ወደ ቤት ተመልሰህ እንደገና ትጀምራለህ። "አንድም ቀን ሳልደርስብሽ አልቀረሁም" አልከኝ።

ከዚያ ጠየቅከኝ። "መቼ ነው መፈለግ የጀመርሽው?"

"ቅዳሜ" አልኩህ። "አርብ ታደሰ ሳይመጣ ሲቀር በነጋታው ቢሮ ሄድኩ። ዛሬ ነገ እያሉ አመላለሱኝ።"

ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። አፌ ነው የተናገረው። አንተ ዓይንህን ጨፈንክና "አውቄዋለሁ" አልክ። "እየፈለግሽኝ እንደሆነ ባላውቅ ኖሮ አራተኛው ቀን ላይ ተነስቼ እሄድ ነበር።"

ተነስተህ ብትሄድ ኖሮ ሬሳህን መንገድ ላይ እናገኘው ነበር። ሕይወትህን ያቆየው ያላደረግሁት ነገር ነው። ይህንን ይዤ ስንት ጊዜ ተኛሁ መሰለህ።

ሥራውን ለቀህ ቤት ከገባህ በኋላ ታሪኩ የከተማ ሆነ። ጓደኞችህ በርጫ ላይ ጫታቸውን ይዘው ሲቀመጡ ንገረን ይሉሃል፣ አንተም ትነግራቸዋለህ። አሸዋውን፣ ሽርጡን፣ ምላጩን። መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ "ሚስቴ በሦስተኛው ቀን ቢሯቸውን ስታንኳኳ ነበር፣ እኔም እዚያ ሆኜ አውቄዋለሁ።" እነሱ ዞረው ያዩኛል፣ ያመሰግኑኛል። እኔ ሻይ እቀዳለሁ።

በአራተኛው ዓመት እግርህ ማበጥ ጀመረ። ሐኪሙ ኩላሊትህ ከቆየ ጉዳት እንዳልዳነ ነግሮን "ከዚህ በፊት ለብዙ ቀን ውሃ አጥተው ያውቃሉ?" ብሎ ሲጠይቅህ አንተ ፈገግ አልክ፣ እኔ ግን ቀን መቁጠር ጀመርኩ። ከቅዳሜ እስከ እሁድ ስምንት ቀን ነው። ሻሼን ባልፈታ ኖሮ በሦስተኛው ቀን ውሃ ያገኝህ ነበር፤ ግማሹ ጀሪካን ገና ሳያልቅ። ሁለት ዓመት ታመህ፣ አንድም ቀን ሳትማረር ሄድክ። ብዙ ጊዜ ልነግርህ አልጋህ ጠርዝ ላይ ተቀምጫለሁ። ትራስህን አስተካክዬ እነሳለሁ።

ባለፈው ወር ታደሰ መጣ። ለዓመታት በአፋር በኩል ሲነዳ ቆይቶ ሞትህን ዘግይቶ ነው የሰማው። ከደጃፉ ጀምሮ እያለቀሰ ገባ። ሻይ አቀረብኩለት፣ ስላንተ አወራን። ከዚያ፣ ምንም ሳይመስለው፣ ከበረሃ ከተመለስክ በሳምንቱ ሊጠይቅህ እንደመጣ ነገረኝ። እኔ ሱቅ ነበርኩ። "ሩቅያ ያን እሁድ ቀፊራ ላይ ባታገኘኝ ኖሮ እስከዛሬም የሚያውቅ አልነበረም፣ ውሃ መቅረቱንም ከኔ ነው የሰማችው አልኩት" አለኝ። አንተም "ታዴ፣ ይህን ነገር ከእንግዲህ ለማንም እንዳታወራ" አልከው። እሱም ቃሉን ጠብቋል። አሁን የነገረኝ ከሞት በኋላ ምን ይጎዳል ብሎ ነው።

ታውቅ ነበር። ከሳምንቱ ጀምሮ ታውቅ ነበር። እያወቅክ ነው በሰው ፊት ሦስተኛው ቀን የምትለው። ሻይ ስቀዳ ዓይኔን ከብርጭቆው እንደማልነቅል እያየህ ነው።

ታደሰ ከሄደ በኋላ ከወንበሩ አልተነሳሁም። አንድ ጣሪያ ሥር፣ አንድ አልጋ ላይ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ እያንዳንዳችን ለብቻችን ያንኑ ምስጢር ስንጠብቅ ኖረናል። ይቅር ብለኸኝ ነው ዝም ያልከው? ወይስ ዝም ብዬ ራሴን እንድበላ ነው? አላውቅም፣ የምጠይቀውም የለም። ስትስቅ ያየሁህን ያን ሳቅ ከበረሃው ከተመለስክ በኋላ አላየሁትም ነበር። ያሳለፍከው መከራ ነው እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖርኩ።

ለሰሚራ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት። ልጅህ ናትና ማወቅ ይገባታል ብዬ ነው፤ ምናልባትም የሚያዝንልኝ ሰው ፈልጌ ይሆናል። እስከ መጨረሻው አላቋረጠችኝም። "አባ ያውቅ ነበር?" አለች። "ያውቅ ነበር" አልኳት። "ታዲያ እሱ የደበቀልሽን አንቺ ለኔ ለምን ነገርሽኝ?" ብላ ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ስደውል ታነሳለች፣ ደህና ነኝ ትላለች፣ ትቸኩላለች። አልፈርድባትም።

ያንተ ጥበብ እውነት ነበር፣ ዩሱፌ፤ እኔ ጋ ግን አይሠራም። ብቸኝነትን የሚችለው፣ አንድ ሰው እየፈለገው እንደሆነ የሚያምን ነው። አንተ አመንክ። እኔን የሚፈልገኝ እንደሌለ ግን በደንብ አውቃለሁ።

ቢሆንም ሳልረሳህ እንደምኖር ቃሌን ሰጥቼሃለሁ፣ እንደ በርጫው ወሬ ሳይሆን እንደሆነው። አንተ አሸዋ ስትጨምቅ እኔ ምን ሳደርግ እንደነበር አንድ በአንድ አስታውሼ ይዤዋለሁ። ሰኞ ለአንዲት ሙሽራ ቀይ መጋረጃ ሸጥኩ። ማክሰኞ ጎረቤት ለሠርግ ጠርተውኝ ጎኔን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ረቡዕ ፀጉሬን ሂና ተቀባሁ። ሐሙስ ሥጋ ገዝቼ በላሁ። አርብ ለጁምዓ ነጭ ለብሼ በሱቄ በር ቆምኩና መንገዱን አየሁ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ገባሁ። ቅዳሜ ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

ያንተው ሩቅያ