ያልተቀበልኩት አቻ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፤ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ደረጃውን ለመደው ወይስ አሁንም ያስቸግርሻል? የባለቤትሽስ ሳል ለቀቀው? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ ዓይኔ ከመድከሙ በስተቀር ደህና ነኝ። መነጽር ቀይር ይሉኛል፤ አልቀይርም።

እንግዲህ የቼዙን ነገር ልንገርሽ። የክበባችን አለቃ ፀጉር አስተካካዩ ነው። ከሌላ ሰፈር ጋር በሚጋጠመው ቡድን ውስጥ አንድ ቦታ ቀርቶ ነበርና፣ በቅዳሜው ውድድር ከተሸነፍኩ ለሌላ ሰው እንደሚሰጠው ነገረኝ። «ጋሼ፣ እባክዎ ያንን ያረጀ አከፋፈት ይተዉት» አለኝ። የትኛውን እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ ገና በሁለተኛው እርምጃ ከንጉሡ አጠገብ ያለውን ወታደር በነጻ የምሰጥበት ነው። እኔና አንቺ ያለ አስተማሪ ስንማር፣ ንጉሥና ግንብ ቦታ መለዋወጥ እንደሚችሉ የነገረን ስላልነበረ ንጉሣችን ሁልጊዜ በእግሩ ነበር የሚሄደው። ኋላ ባውቀውም አልተጠቀምኩበትም።

ተጋጣሚዬ የአውቶቡስ ሹፌር ነበረች። ወታደሩን ወሰደች፤ ወዲያው ንግሥቷን አውጥታ ቼክ አለችኝ። ዙሪያውን የቆሙት አጉረመረሙ። ንጉሤ አንድ ቤት ፈቀቅ አለ፤ ፈረሴ ወጥቶ ንግሥቷን ማባረር ያዘ። «አባባ፣ በአውቶቡሴ እንኳ እንዲህ ዞሬ አላውቅም» አለችኝ። ሲጠብባት ጊዜ አቻ እንውጣ አለች። እሺ ብል ቦታዬን አገኝ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ከኋላዬ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ። እምቢ አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ፈረሴን በገዛ እጄ አስበላሁ። ዓይኔ ነው አልልም፤ ችኮላ ነው። ከዚያ በኋላ ማሸነፉ ቀርቶ ነፍሴን ለማዳን ብቻ ተጫወትኩ። ንጉሤ ራሱ ሰሌዳው መሐል ገብቶ የቀሩትን ወታደሮቿን ለቀመ። በመጨረሻ እኔ ንጉሤ ብቻ፣ እሷ ደግሞ ከንጉሧ ሌላ አንድ ፈረስ ብቻ ቀረን፤ በአንድ ፈረስ ደግሞ ንጉሥ አይያዝም። አቻ ወጣን።

ፀጉር አስተካካዩ «የሰጠችዎትን እኮ ነው ላብዎን አፍስሰው የወሰዱት» ብሎ ሳቀብኝ፤ ቡድኑ ውስጥ ግን አስገባኝ። ይሳቅ። ያኔ ብቀበላት ኖሮ የእሷ ቸርነት ይሆን ነበር፤ አሁን የራሴ ነው።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ትልቋ ልጅሽ ስፌቱን እንዳታቋርጥ አደራ። መንትዮቹን ሳሚልኝ። አማትሽንም ጤና ይስጥልኝ ብሏል በያቸው።

ታላቅ ወንድምሽ
ከቤቴ፣ ሰኞ ጥቅምት 12 ቀን