ያ እሑድ የበላነው ፓስታ

ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትንሿ የፊት ጥርሷን አበቀለች ወይስ አሁንም በድዷ ነው የምትስቀው? እኔ ደህና ነኝ። አባዬም ደህና ነው፤ ትናንት ጢሙን ተላጭቶ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ላይ «አንተ ከኔ ቀድመህ አረጀህ» እያለ ሲቀልድ ዋለ። እማዬም ደህና ናት፤ ስለ እሷ ዝቅ ብዬ እጽፍልሻለሁ።

ሰላምታዬ እዚህ ላይ ይብቃ፤ ምክንያቱም ተቆጥቻለሁ። በስልክ ስትጮሂብኝ አንድ ቃል እንኳ ሳልመልስልሽ ዘጋሽው። በወረቀት የመጣሁት ለዚህ ነው። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም።

«አምስት ዓመት ሥነ ምግብ ተምረሽ አባትሽን በፓስታ ልትገድይው ነበር» አልሽኝ። ከዚያ በእነ አባዬ ቤት ድስት እንዳልነካ አዘዝሽ። አክስታችንማ «ዲግሪዋን ቀቅላ አበላችው» እያለች በሄደችበት ሁሉ ሰው ታስቃለች። ይበልጥ የሚያናድደኝ ቀልዱ ጥሩ መሆኑ ነው። አባዬ ግን ይኸው ሦስት ሳምንት ሙሉ ቅቅል ጎመን ብቻ ይቀርብለታል። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስቷል።

አንቺ አልነበርሽምና የሆነውን እንደሆነ ልንገርሽ። ያን እሑድ አክስታችንና ባሏ ምሳ መጥተው ነበር። ፓስታውን ጠንከር አድርጌ ቀቀልኩት፤ በቀይ ባቄላ፣ በካሮትና በቲማቲም ሠራሁት። ቤቱ ጫጫታ ነበር። እማዬ እንደ ሁልጊዜው ከምሳ በፊት ለአባዬ የስኳር መርፌውን ወጋችው። እሱ ግን ከአክስታችን ባል ጋር ስለ መኪና ጎማ ሲከራከር የሳህኑን ግማሽ እንኳ ሳይበላ ቀረ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ላብ አጠመቀው፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ አክስታችንን «እናቴ» ብሎ ጠራትና ከወንበሩ ተንሸራተተ። ልብስ ሰፊው ሮጦ መጥቶ በአባዬ የስኳር መለኪያ ጣቱን ወጋው። መነጽሩን ሱቁ ረስቶት ስለነበር ቁጥሩን አላነበበውም፤ ሌሎቻችንም መኪና ፍለጋ ወጥተን ነበር። ሐኪም ቤት ዶክተሩ እማዬን ለብቻዋ ጠርቶ አነጋገራት። ስትወጣ «ስኳሩ ነው አለኝ፤ ምን በላ ብሎም ጠየቀኝ» አለች። ያን ጊዜ ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። ፍርዱ በዚያች ደቂቃ አለቀ።

የሚያሳፍረኝ ምን መሰለሽ? እኔም አንድ ሳምንት ሙሉ አምኜው ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን ሳስተምር «ቆይ፣ ፓስታ እውነት ሰው ይጥላል?» የሚል ጥያቄ መጣብኝና አልለቀኝም።

መለኪያ ገዛሁ፤ ከዚያ እሑድ ፓስታ ጋር አንድ ዓይነት የሆነውንም ፓኬት ገዛሁ። በተከራየሁት ክፍል ውስጥ፣ ገና ቁርስ ሳልበላ፣ መቶ ግራም መዝኜ ቀቀልኩና በላሁ። ከመብላቴ በፊት ሰማንያ ስምንት፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ መቶ ሃያ ሰባት፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ መቶ አራት። በማግስቱ ያንኑ ያህል ስታርች ያለው ነጭ ዳቦ በላሁ፤ መቶ ሃምሳ አንድ ደረሰ። በሦስተኛው ቀን ፓስታውን ሆን ብዬ እስኪላቁጥ ድረስ ቀቀልኩት፤ መቶ አርባ ስድስት። ጣቶቼ ወንፊት ሆኑ፤ ግን እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ፓስታ የሚሠራው ከጠንካራ ስንዴ ነው። የስንዴው ፕሮቲን ስታርቹን እንደ መረብ ጠቅልሎ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሆድ ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚፈታው። አብዝተሽ ከቀቀልሽው መረቡ ይላላል። መቶ ግራም ደረቅ ፓስታ አሥራ ሦስት ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ ስቡ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከሙሉ ስንዴ የተሠራው ደግሞ ሆድ የሚያለሰልስ አሰር አለው። ባቄላና አትክልት ሲገቡበት ይበልጥ ይዘገያል፤ ሰው ረዘም ላለ ጊዜ ሳይርበው ይውላል። የሚያወፍረው ፓስታው አይደለም፤ እንደ አክስታችን ሦስቴ መድገምና ዘይቱን መገልበጥ ነው። ስኳር ያለበት ሰው መጠኑን ከጠበቀ ይበላዋል። ይህን ሁሉ ለፈተና ሸምድጄው ነበር። በገዛ ደሜ ሳየው ግን ሌላ ነው።

ባለፈው ረቡዕ ትዕዛዝሽን ጣስኩ። ፓኬቴን ይዤ እነ አባዬ ቤት ሄድኩ። ለአባዬ የማደርገውን ስነግረው ዓይኑ በራ። «የሙከራ አይጥሽ እሆናለሁ፤ ብቻ አይጡን በደንብ አብዪው» አለኝ። ውሃውን ጣድኩ፣ ጨው አደረግሁ። እማዬ መጥታ አንድ ማንኪያ ጨመረች። ስለ ትንሿ ልጅሽ ጥርስ ስታወራኝ ቆየችና ሌላ ማንኪያ ጨመረች። ከዚያ ዞር ብላ «ጨው አድርገሽበታል?» አለችኝ። ስቄ ውሃውን ደፋሁትና እንደገና ጀመርኩ። ያኔ ሳቅሁ እንጂ ምንም አላሰብኩም።

አባዬ ሰማንያ ግራም በባቄላ በላ። ከመብላቱ በፊት መቶ ሠላሳ አንድ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ መቶ ስድሳ ስምንት። ይህ ሰው የሚጥል ቁጥር አይደለም። ቁጥሩን ልመዘግብ ስል የአባዬን መለኪያ ሌላ ቁልፍ ነካሁና የድሮዎቹ ቁጥሮች ከነቀናቸው ተራ በተራ መጡ። የዚያ እሑድም ነበረ። ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር፤ አርባ አንድ።

አርባ አንድ፣ እህቴ! የአባዬ ስኳር ወጥቶ አልነበረም፤ ወርዶ ነበር። ሐኪም ቤት ክንዱ ላይ ግሉኮስ ያንጠለጠሉለት ለዚህ ነው። ያን ሁሉ ሰው ሆነን እዚያ ቆመን «ስኳር ለበዛበት ሰው ስኳር ይሰጣል እንዴ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የተማርኩት እኔ እንኳ አልጠየቅሁም።

ፓስታ ስኳር አያወርድም። የሚያወርደው መርፌው ነው።

እማዬ የተጠቀመችበትን መርፌ ሁሉ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ እንደምታጠራቅምና እሑድ በማለዳ፣ ከቁርስ በፊት፣ ክሊኒክ ወስዳ እንደምታስረክብ ታውቂያለሽ። እሑድ ጠዋት ቆርቆሮው ባዶ ነው። ለቁርስ አንድ፣ ለምሳ አንድ፤ ለእራት አባዬ ሐኪም ቤት ነበር። ሰኞ ጠዋት፣ አባዬ ገና ከሐኪም ቤት ሳይመለስ፣ ቤቱን ሳጸዳ ቆርቆሮውን ከፍቼ አይቼው ነበር። ሦስት መርፌ ነበረበት። ያን ቀን አልከነከነኝም። ረቡዕ ግን ያንን መለኪያ በእጄ እንደያዝኩ ትዝ አለኝና ቁጭ አልኩ።

መርፌውን ከእማዬ በቀር የሚነካው የለም። አባዬ እንኳ ዓይኑን ጨፍኖ ነው ክንዱን የሚሰጣት።

ከዚህ በላይ በወረቀት አልጽፍም።

አባዬን ብቻውን ሳገኘው «ያን እሑድ ከምሳ በፊት ስንት ጊዜ ተወጋህ?» አልኩት። እሱ እማዬ ዕቃ እያጠበች ወደምታንጎራጉርበት ወደ ወጥ ቤቱ ተመለከተና «ፓስታው ጥሩ ነበር ልጄ፤ ሳልጨርሰው መቅረቴ ነው የቆጨኝ» አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እሷም እንድትሰማ፣ «ከነገ ጀምሮ የምትወጊኝ አንቺ ነሽ! ያ ሁሉ ትምህርት ለምን ቀን ነው? እናትሽ ትንሽ ትረፍ» አለ። እማዬ ከወጥ ቤት ሆና «እሰይ፣ ተገላገልኩ!» ብላ ሳቀች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያን ጎመን ያለ አንድ ቅሬታ ለምን እንደበላ ያኔ ገባኝ።

ስለዚህ ዕቃዬን ጠቅልዬ ወደ እነሱ ቤት ገብቻለሁ። ትምህርት ቤቱ ይርቀኛል፤ ግድ የለም። መርፌውን በቀን ሦስቴ እኔ እወጋለሁ፤ ድስትም እነካለሁ።

ከአንቺ ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ ይቅርታ ጠይቂኝ። አልተውሽም። ግን ለእኔ ብቻ፣ በጆሮዬ። ለአክስታችን ፓስታው ነው ብትያት አይከፋኝም፤ ዲግሪዬን ቀቅላ ትብላው። እማዬ ስትሰማ ግን የዚያን እሑድ ነገር አታንሺ። ሁለተኛ፣ ልጆቹን ይዘሽ ነዪና ቢያንስ አንድ ሳምንት ቆዪ። ከእማዬ አጠገብ ተቀመጪ፤ ያወራችልሽን መልሳ ብታወራልሽ እንደ አዲስ ስሚያት። ዶክተር ዘንድ እሷን የምንወስድበትን ሰበብ አብረን እንፈልጋለን።

ስትመጪ ሁለት ፓኬት ፓስታ ያዢ፣ ከሙሉ ስንዴ የሆነውን። አባዬ ያቋረጠውን ሳህን እንጨርስለታለን። ጨው የማደርገው እኔ ነኝ።

መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ጉልበትሽን ይማርልሽ፤ ልጆችሽ አያታቸውን ጠግበው ይዩአት፣ እሷም በየስማቸው ትጥራቸው።

ያኮረፈችሽና የናፈቀችሽ
ታናሽ እህትሽ